የጣሪያው ዲሽ እና የሊድሱ አዳራሽ

ሐይቅ ከተማ ወይም አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ ከሆናችሁ፣ ቀና በሉና ጣሪያዎቹን ተመልከቱ። ዲሾቹ አንዴ ከተስተካከሉ ንቅንቅ አይሉም። ሳተላይቷ እየበረረች እነሱ እንዴት ቆሙ? ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት አንድ ዙር የሚጨርሰው ምድር በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር በሚፈጅባት ጊዜ ነው። ስለዚህ ከታች ለሚያያት የቆመች ትመስላለች።

ይህን ምህዋር ዓለምን ለሚያዳርስ ስርጭት እንጠቀምበት ብሎ በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋየርለስ ወርልድ በተባለ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ የጻፈው አርተር ሲ. ክላርክ ነው። ይሄን ምናልባት ታውቁት ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ ስምንት ዓመት በፊት የነበረበት ቦታ ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን 1937፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሊድስ ከተማ አንዲት አዳራሽ ውስጥ ከሃያ ከማይበልጡ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ሳይንሳዊ ልብወለድ ያወራ ነበር። ብዙዎች የመጀመሪያው የሳይንሳዊ ልብወለድ አፍቃሪዎች ጉባኤ ይሄ ነው ይላሉ። አሜሪካኖቹ ደግሞ «የለም፣ እኛ በ1936 ፊላደልፊያ ላይ ቀድመናል» ባይ ናቸው። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች እንዴት ተገናኙ? ስልክ በየቤቱ በሌለበት ዘመን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ አድራሻ። የሬዲዮ ዕቃ ነጋዴና ፈልሳፊ የነበረው ሁጎ ገርንስባክ በ1926 አሜዚንግ ስቶሪስ የተባለውን መጽሔት ሲጀምር፣ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ያትም ነበር። አንባቢዎቹም አዘጋጁን ትተው እርስ በርስ መጻጻፍ ያዙ። የእኛን የብዕር ጓደኛ አምድ አስቡት። እንደ መሐንዲስ ከጠየቃችሁኝ፣ የገርንስባክ ትልቁ ፈጠራ ይሄ ነው።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1929 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ ሳይንሲርስ የሚባል ክበብ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ዋረን ፊትዝጄራልድ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ሃርለም ያለው ቤቱም የክበቡ መሰብሰቢያ ሆነ። በሜይ 1930 ደግሞ የቺካጎ ልጆች ዘ ኮሜት የተባለች መጽሔታቸውን በስቴንስል አባዙ፤ ታላላቆቻችሁ የፈተና ወረቀት ሲባዛበት የሚያስታውሱት ያው ስቴንስል ነው። በዚያው ዓመት የሳይንሳዊ ልብወለድ ጸሐፊዎች ተሰብስበው የአሜሪካን የፕላኔቶች ጉዞ ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ ቆየት ብሎ የራሱን ሮኬቶች ሠርቶ ተኮሰ፤ የዛሬው የአሜሪካ የበረራና የጠፈር ምሕንድስና ተቋምም ከእሱ የተወለደ ነው።

እስቲ አሁን ጁላይ 1939 ኒው ዮርክ ላይ ናችሁ እንበል። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው፤ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው መጥቷል። ማይርትል ዳግላስ የሰፋችውን የ«ወደፊቱ ዘመን» ልብስ እሷና ፎረስት አከርማን ለብሰው ይታያሉ። በሩ ላይ ግን ጭቅጭቅ አለ። አዘጋጆቹ ስድስት ወጣቶችን አናስገባም ብለዋል፤ ፖለቲካቸውን ፈርተው፣ የቆየ ቂምም አለ። ከተከለከሉት አንዱ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ፍሬደሪክ ፖል ነው። የዚያው ቡድን ጓደኛ የ19 ዓመቱ አይዛክ አሲሞቭ ግን ገባ። ስለ መጪው ዘመን ሊያወሩ የመጡ ሰዎች ገና በሩ ላይ ተጣሉ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምናውቀው አፍቃሪዎቹ ወረቀት የማይጥሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ይህ ልማድ ለሐይቅ ሰው እንግዳ አይደለም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአፍቃሪዎች ክበብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ መጽሐፍ ከነባለቤቱ ስም በማቆየት ግን ማንም አይቀድመውም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ሥዕላቸውንና መቼ እንደተሰጠ የሚናገረውን ጽሑፍ ይዞ እስከ ዛሬ አለ።

የፊትዝጄራልድ ነገር ከዚህ ይለያል። ስለ እሱ የቀረን ብዙውን ነገር ያገኘነው ከክበቡ ጓደኞቹ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ ትዝታውን ስለጻፈ ነው።