ከኅብረት መውጣት፦ የጆርጂያ ቴክ ውሳኔና ያስከተለው ዋጋ

በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ፋጡማ ሮባ በሴቶች ማራቶን፣ በማግሥቱም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ባገኙ ጊዜ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ገና ሕፃን ነበር። ከሰፈር ልጆች ጋር በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ የጮኸውን ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ምሕንድስና አጥንቶ ሥራ ከያዘ ወዲህ ደግሞ በዚያን ጊዜ ያላወቀውን አንድ ነገር ተረዳ፤ ይኸውም የአትላንታው የኦሊምፒክ መንደር የተቋቋመው በአንድ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መሆኑን ነው። ትምህርት ቤቱ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ባጭሩ ጆርጂያ ቴክ ይባላል።

ይህ ትምህርት ቤት በሙያችን ካለው ዝና ሌላ በአሜሪካ እግር ኳስ ታሪክ የታወቀበት አንድ ውሳኔ አለ። በ1964 በገዛ ፈቃዱ የውድድር ኅብረቱን ጥሎ ወጣ። ዛሬ ታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከኅብረት ወደ ኅብረት በሚፈልሱበት ወቅት፣ ይህ የቆየ ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ፣ ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ኮንፈረንስ በሚባሉ ኅብረቶች ተደራጅተው ይወዳደራሉ። ኅብረቱ የጨዋታ ፕሮግራም ያወጣል፣ የጋራ ደንብ ይደነግጋል፣ ገቢ ያከፋፍላል። ጆርጂያ ቴክ በ1932 የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስን ከመሠረቱት 13 ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በአባልነቱ ዘመን አምስት ጊዜ የኅብረቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1952 ደግሞ 12 ጊዜ ተጫውቶ 12ቱንም አሸንፏል።

ጠቡን ያስነሣው የ140 ደንብ በመባል የሚታወቀው ድንጋጌ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት አንድ ትምህርት ቤት በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ስኮላርሺፕ የሚሰጣቸው ተማሪዎች ባንድ ጊዜ ከ140 መብለጥ አይችሉም ነበር። ይሁን እንጂ ለእግር ኳስ ብቻ በየዓመቱ እስከ 45 አዳዲስ ተጫዋቾች ማስፈረም ተፈቅዷል። ሒሳቡን እንሥራው። በየዓመቱ 45 የሚያስገባ ትምህርት ቤት በአራት ዓመት ውስጥ 180 ይኖሩታል። ይህም የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሳይቆጠሩ ከገደቡ በ40 ይበልጣል። እንግዲህ እነዚህ ወጣቶች የት ይግቡ? በትምህርቱ ወድቆ ወይም በራሱ ፈቃድ የሚሄድ እንዳለ ሆኖ፣ የቀረው በአሠልጣኙ ግፊት ስኮላርሺፑን ትቶ እንዲወጣ ይደረግ ነበር።

ከ1945 ጀምሮ የጆርጂያ ቴክ ዋና አሠልጣኝ የነበረው ቦቢ ዶድ ይህን አልተቀበለውም። የእርሱ አቋም አጭር ነበር። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ትምህርቱን እንደሚጨርስ ቃል ተገብቶለት ከመጣ፣ በሜዳ ላይ ተስፋ እንደተጣለበት ባይሆንም እንኳ፣ ትምህርቱን እስከተከታተለና ሥርዓት እስከጠበቀ ድረስ ሊባረር አይገባም። ስለሆነም ዓመታዊው ቁጥር ወደ 32 ዝቅ እንዲል ጠየቀ። 32 በአራት ሲባዛ 128 ይሆናል፤ ለቅርጫት ኳስ 12 ቦታ ይተርፋል። ድምሩ 140 ነውና ማንንም ማባረር አያስፈልግም።

የተቃዋሚዎቹም ሐሳብ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የአንድን ወጣት የወደፊት ችሎታ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ መመዘን አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ብዙ አስፈርሞ መምረጥ ለቡድን ዋስትና ነው። ችግሩ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው የመረጠው አሠልጣኝ ሳይሆን የተመረጠው ልጅ መሆኑ ነው።

በጥር 1964 በተደረገው የኅብረቱ ዓመታዊ ስብሰባ የጆርጂያ ቴክ ሐሳብ በድምፅ ተሸነፈ። የትምህርት ቤቱ ፕሬዚዳንት ኤድዊን ሃሪሰንም ወዲያውኑ ተነሥተው ጆርጂያ ቴክ ከኅብረቱ መውጣቱን አስታወቁ።

መውጣቱ ትክክል ነበርን? ከኅሊና አንጻር ሲታይ የሚነቀፍ አይመስለኝም። ከኅብረቱ ውጭ ጆርጂያ ቴክ በ140 ገደብ ስላልታሰረ ለተማሪዎቹ የገባውን ቃል ሊጠብቅ ችሏል። በሚሊዮን የሚቆጠር የቴሌቪዥን ገንዘብ ሳይሆን የጥቂት ወጣቶች ትምህርት ያስወጣው ትምህርት ቤት ክብር ይገባዋል።

በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ግን ጉድለት አለበት። ማንኛችንም ብንሆን ተሸካሚ ምሰሶ ከመንቀላችን በፊት ጭነቱን የሚይዝ ጊዜያዊ ድጋፍ እናቆማለን። ጆርጂያ ቴክ ግን ሌላ ኅብረት ሳያዘጋጅ ብቻውን ቆመ። መሪዎቹ ሰፊው የአትላንታ ከተማና የራሳቸው ስታዲዮም እንደሚበቃቸው ሳይተማመኑ አልቀሩም። ይሁንና በ1966 የቤዝቦሉ ብሬቭስና የእግር ኳሱ ፋልከንስ የተባሉት የባለሙያ ቡድኖች በከተማይቱ መጫወት ጀመሩ፤ ተመልካቹም ተከፋፈለ። ዶድም በዚያው ዓመት ውድድር ማብቂያ አሠልጣኝነቱን ተወ። በ1980 ቡድኑ አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፈ። በ1981 የመጀመሪያ ጨዋታውን ከቀድሞው የኅብረት ባልደረባው ከአላባማ ጋር አድርጎ 24 ለ 21 ሲረታ፣ የቀሩትን አሥር ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። የአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ አባል የሆነው በ1978 ሲሆን፣ በእግር ኳስ ለኅብረቱ ሻምፒዮንነት መወዳደር የጀመረው ግን በ1983 ነው። በጠቅላላው 19 ዓመት በሜዳው ላይ ያለ ኅብረት ቆይቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው በ1990 ሳይሸነፍ በአንድ አቻ ውጤት ብቻ ዓመቱን ጨርሶ ብሔራዊውን ሻምፒዮንነት ከኮሎራዶ ጋር የተካፈለው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ደንቡ ራሱ የደረሰበት ነው። ብሔራዊው የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር በ1973 የእግር ኳስ ስኮላርሺፕን ብዛት በ105 ወሰነ፤ በ1978 ወደ 95 አወረደው። ነገር ግን በዚያው በ1973 የአራት ዓመቱን ስኮላርሺፕ አስቀርቶ በየዓመቱ የሚታደስ አደረገው። ዶድ የተቃወመው ተግባር በዚህ መንገድ በመላው አገሪቱ ሕጋዊ በር ተከፈተለት። ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ስኮላርሺፕ እንደገና የተፈቀደው ከ2012 ጀምሮ ነው።

ከ1984 ወዲህ ደግሞ የመውጣት ምክንያት ተለወጠ። በዚያ ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ብሔራዊው ማኅበር በቴሌቪዥን ሥርጭት ላይ የነበረውን ቁጥጥር ሲሽር፣ ትምህርት ቤቶችና ኅብረቶች ጨዋታዎቻቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። በ2024 ቴክሳስና ኦክላሆማ ጆርጂያ ቴክ ጥሎት ወደ ወጣው ኅብረት ገቡ። በዚያው ዓመት በምዕራቡ ጠረፍ የነበረው አንጋፋ ኅብረት አባላቱ ስለሄዱ በሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ ቀረ። ፍሎሪዳ ስቴት በታኅሣሥ 2023 የጆርጂያ ቴክን የዛሬ ኅብረት ከሶ ነበር፤ በመጋቢት 2025 ግን የገቢው አከፋፈል ተሻሽሎ በስምምነት በአባልነቱ ጸና። ይህ የኋለኛው ምሳሌ የክርክሩ መነሻ ገንዘብ ቢሆንም፣ ጥያቄን በኅብረቱ ውስጥ ሆኖ ማስፈጸም እንደሚቻል ያሳያል።

እኛም በማኅበር የምንኖር ሰዎች ነን። በስብሰባ ላይ እውነት ይዞ በድምፅ መሸነፍ ምን ያህል እንደሚመር የማያውቅ አባል ያለ አይመስለኝም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ነገር ግን ከድሩ አንዱ ክር የሚበጠስበት ጊዜ አለ። የጆርጂያ ቴክ ታሪክ የሚነግረን ፈጽሞ አትውጡ ብሎ አይደለም። የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ቢያመዛዝን መልካም ነው፤ አንደኛ፣ ኅብረቱ እስከ ዛሬ የተሸከመለትን ጭነት ነገ ማን ይሸከምለታል? ሁለተኛ፣ እርሱ ከወጣ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ተባራሪዎቹ ልጆች የሚናገር ማን ይቀራል? ጆርጂያ ቴክ የራሱን ልጆች አዳነ። በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የነበሩት ግን በስብሰባው ላይ የሚከራከርላቸውን አንድ ድምፅ አጡ።