ጂን ፍለጋው ኢንቴቤ ሲደርስ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የተጀመረው ከእኛ ሩቅ፣ አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በብሔራዊው የካንሰር ተቋም የሚሠራ ዲን ሄመር የሚባል ተመራማሪ ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶችን የዘር ሐረግ ሲቆጥር፣ እንደነሱ ያለው ዘመድ በእናት ወገን በዝቶ አገኘው። ወንድ ልጅ ኤክስ ክሮሞዞሙን የሚወርሰው ከእናቱ ነውና እዚያው ላይ ፈለገ። ከ40 ጥንድ ወንድማማቾች 33ቱ የክሮሞዞሙን አንዱን ጫፍ ተጋርተው ተገኙ። ልብ በሉ፣ ያገኘው ሰፈሩን ነው እንጂ ጂኑን አይደለም። ጋዜጣ ግን መቼ ይታገሣል! “ጂኑ ተገኘ” ተብሎ ተለፈፈ። በ1999 ካናዳውያን 52 ጥንድ ወንድማማቾችን መርምረው በዚያ ሰፈር ምንም አጡ።

ወሬው ግን እግር አውጥቶ ኡጋንዳ ገባ። በታኅሣሥ 2013 የካምፓላ ፓርላማ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ብዕራቸውን አነሡና አመነቱ። ሰው እንዲህ ሆኖ ይወለዳል ወይስ ኋላ ይለምደዋል? ባለሙያ ይንገረኝ፣ አሉ። ተፈጥሮ ከሆነ ሊተዉት፣ ልማድ ከሆነ ሊቀጡ መሆኑ ነው።

ባለሙያዎቹ ተሰበሰቡ። ብቻውን ይህን የሚወስን ጂን አልተገኘም አሉ። በሽታም አይደለም፣ አፍሪካን ጨምሮ በየማኅበረሰቡ ያለ ነው፣ ሲሉም ጨመሩ። ፕሬዚዳንቱ የፊተኛዋን ይዘው የኋለኛዋን ጣሏት፤ የካቲት 24 ቀን 2014 ኢንቴቤ ላይ፣ ጋዜጠኛው ተሰብስቦ እያየ፣ ፈረሙ።

እኔን የማይዋጥልኝ እዚህ ጋ ነው። ቁመትንስ ብቻውን የሚወስን ጂን አለ እንዴ? ታዲያ ረጅም ሰው ቁመቱን ለምዶት ነው? ደግሞስ ከጂን ውጭ ያለው ሁሉ ልማድ ነው ያለ ማን ነው? አንቶኒ ቦገርት የተባለ ካናዳዊ በ2006 ያወጣውን ስሙ። አንድ ወንድ ከእናቱ ልጆች ታላላቅ ወንድሞች በበዙለት ቁጥር ወንድ የማፍቀር ዕድሉ በመጠኑ ይጨምራል፤ ወንድሞቹ ሌላ ቤት ቢያድጉም እንኳ ያው ነው። አብረውት ያደጉ የእንጀራ ወንድሞች ግን ለውጥ አያመጡም። ነገሩ ያለው አስተዳደግ ውስጥ ሳይሆን ማሕፀን ውስጥ ይመስላል። ይህ እንግዲህ ጂን ነው ልማድ?

ሕጉስ? በነሐሴ 2014 ፍርድ ቤት ሻረው። ዳኞቹ ስለ ክሮሞዞም ትንፍሽ አላሉም፤ ድምፅ ሲሰጥ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ነበር፣ በቃ።

በ2019 ደግሞ ትልቁ ጥናት ወጣ። 477,522 ሰዎች ተመርምረው ጎላ ብለው የታዩት 5 የዘረመል ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ እነዚያም ቢደመሩ የአንድን ሰው ፍቅር ለመተንበይ አይበቁም። የቀረው ድርሻ እጅግ ብዙ በሆኑ ጥቃቅን ቦታዎች ላይ ተበትኗል። ዘር አለበት፣ ዘር ብቻውን ግን አይደለም።

በመጋቢት 2023 ሙሴቬኒ ፓርላማ ፊት ቆመው፣ ተፈጥሮ ነው ወይስ አስተዳደግ፣ የሐኪም አስተያየት እንፈልጋለን አሉ። በግንቦት ሌላ ሕግ ፈረሙ። ይኸኛው በአንዳንድ ክሶች ሞት ያስፈርዳል።