እንዶድ፦ ከነጠላ ማጠቢያ እስከ በሽታ መከላከያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የፋብሪካ ሳሙና በየመንደሩ ሳይገባ እናቶቻችን ለበዓል የሚለብሱትን ነጠላ በምን ያነጡት እንደ ነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? መልሱ ማንም ሳይተክለው በአጥር ሥርና በጫካ ዳር የሚበቅለው እንዶድ ነው። ጥሬ ፍሬውን ለቅመው ያደርቁታል፤ ወቅጠውም በውኃ ይበጠብጡታል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር አረፋ እያወጣ እድፉን ያስለቅቃል።

ይህ የቤት ሙያ ከልብስ ንጽሕና ያለፈ ጥቅም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። የብልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ያድጋል፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ዶክተሩም ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከሌላ ስፍራ ሕያዋኑን ሰብስበው አንዲት አጣቢ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርባቸው ቢጠይቋት፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከረጅም ዓመታት ምርምር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ልብ በሉ! የምርምሩ መነሻ ከወንዝ ዳር፣ ከእናቶች እጅ የተገኘ ነው። ተመራማሪውም የተማሩ መሆናቸው ከአጣቢዋ ከመጠየቅ አልከለከላቸውም።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዶድ ለሚጠጣው ሰውም መርዝ ነው። ስለዚህ የአባቶችና የእናቶች ዕውቀት የዕፅዋቱን ስም ማወቅ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ክፍል፣ ለምን፣ በምን ያህል መጠን እንደሚያገለግል፣ ከምንስ መጠንቀቅ እንደሚገባ መለየት ነው። ስሙን ብቻ ይዞ ልኩን የረሳ ትውልድ ራሱን ይጎዳል።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒት ከምድር የተገኘ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ፣ አስተዋይም እንደማይንቀው ያስተምረናል። ዛሬ ሳሙናው ከሱቅ ይገዛል፤ እንዶድ የሚወቅጡ እናቶችም እያነሱ ነው። እንግዲህ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ የነገሩንንም እንጻፍ። በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ያሉትን ዕፅዋትም በስማቸው እንወቅ፤ እንጠብቃቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።