«ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ ነበረችን

ዲላ ተቀምጦ ስለ ባሕር ኃይል ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ከይርጋጨፌ የሚወጣው ቡናም፣ ነዳጅ ጭኖ ወደኛ የሚመጣው ቦቴም መንገዱ በጅቡቲ ነው፤ ስለዚህ እኛንም ይመለከተናል። ደግሞ ዛሬ የምናወጋችሁ መርከብ ራሷ ነዳጅ ተሸካሚ ነበረች።

ትውልዷ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ነው። በመስከረም 1935 ዓ.ም. ውኃ ነካች፣ በጥር 1936 «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መከተል ነበር። እነዚህ አውሮፕላኖች አስፋልት አይፈልጉም፤ ቤንዚን፣ ጥይትና ጥገና፣ ለአብራሪዎቻቸውም ማረፊያ ግን ይፈልጋሉ። 95 ሜትር ግድም የምትረዝመው መርከብ ወደ 80 ሺህ ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን ትይዛለች። ተንሳፋፊ ማደያ በሏት። እንግዲህ አስቡት፣ በ1937 ፊሊፒንስ ውስጥ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አውሮፕላን አጠገቧ ሲከሰከስ ሥራዋ ይኸው ነበር። ተረፈች። በ1938 ለቢኪኒው የአቶም ቦምብ ሙከራ ከተሰማሩት መርከቦችም አንዷ ናት።

በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ ለእኛ አዋሰችን። ስሟ «ኢትዮጵያ»፣ ቤቷ ምጽዋ፣ ሥራዋ ዕጩ መኮንኖችን ማሠልጠን ሆነ። ከባሕር ኃይሉ መርከቦች ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች።

እህቶቿም በየአገሩ ተበትነዋል። አንዷ ለኖርዌይ ማሠልጠኛ ሆነች፣ ሌላዋ ጣሊያን ገባች፣ ሰባቱ ደግሞ ለደቡብ ቬትናም ተሰጡ። በሚያዝያ 1967 ሳይጎን ስትወድቅ ስድስቱ ወደ ፊሊፒንስ ሸሹ፤ አንዷ ተማርካ ያሸናፊዎቹ መርከብ ሆነች። ይህችን ነገር ያዙልን።

የእኛዋን ደርግ ጠቅልሎ ገዛት። ብዙም ሳይቆይ ከአሜሪካ ጋር ተጣላ፤ አዳዲሶቹ መርከቦች ከሶቭየት መምጣት ጀመሩ፣ አሜሪካ ሠራሿ አሮጊትም መሐላቸው ቀረች። በየካቲት 1982 ሻዕቢያ ምጽዋን ያዘ። በግንቦት 1983 መንግሥቱ ሲወድቅ «ኢትዮጵያ» ከሌሎቹ መርከቦች ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። የሳይጎን እህቶቿ ታሪክ በእሷም ደረሰ። ከእነሱ ለብዙዎቹ ግን የተቀበላቸው አገር ሥራ ሰጣቸው፤ እሷ ቆማ ዛገች።

እኛን ከብረቱ ይልቅ የሚቆጨን ሰዉ ነው። አገር ስንት ዓመት ያሠለጠነቻቸው ባሕርተኞች ብዙዎቹ የመን ውስጥ ስደተኛ ሆነው ለዓመታት ቀሩ። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፣ የባሕር ሰው ግን በአንድ ጀምበር አይገኝም። ስለ ወደብ ማጣት በተነሳ ቁጥር እነሱን የሚያነሳ አለመኖሩ ይገርመናል።

ኤርትራ ነጻነቷን ባወጀችበት በ1985 ዓ.ም. ግድም «ኢትዮጵያ» ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ከተረፉት መርከቦች የመን በቃኝ ብላ ያስወጣቻቸው ጅቡቲ ደርሰው፣ በኋላ እዚያው ለጨረታ ቀረቡ። መንግሥት ባሕር ኃይሉን እንደገና አቋቁማለሁ ያለው በ2010 ዓ.ም. ነው።