ብርድ የቆረቆራቸው፣ ቡና ያወረዳቸው

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ የአገሩን ጠባይ ከካርታ ይልቅ በገላው ያነብበዋል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በስተምዕራብ የአባያን ቆላ ትመለከታለች፤ ፀሐይዋም ሞቅ ያለች ናት። ሽቅብ ሲጓዙ ግን በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የተጠለለው ቡና እየሳሳ ሄዶ ይቀራል። እንሰቱ ብቻውን ይቀጥላል፤ ገብሱ ይመጣል፤ ቀርከሃው ይመጣል፤ ከዚያም ጭጋጉ። ቡሌ ሲደርሱ ጋቢውን ትቶ የመጣ ሰው ይጸጸታል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ብርዳም ተራራ የሹማምንት ማረፊያ ነበር። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት ዘመን የቆላውን ሐሩር ሸሽተው ሲምላን በ1864 እ.ኤ.አ. የበጋ መዲናቸው አድርገዋታል። የእኛም ደቡብ ከዚህ እጅግ የራቀ ታሪክ የለውም፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ ለአንድ ወቅት ሳይሆን ለዓመቱ ሁሉ መውጣታቸው ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሠራዊቱ ወደ ሲዳሞ ሲዘልቅ ሰፈሩን የመረጠው ከደጋው አናት ላይ ነበር። ከቡሌ በስተሰሜን የምትገኘው አገረ ሰላም የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መቀመጫ ነበረች። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፦ ከፍታው ለጥበቃ ይመቻል፤ ወባ አይደፍረውም፤ ከሰሜን ለመጣ ወታደርም ገብስ የሚበቅልበት ብርድ አገሩን ያስታውሰዋል። ቀለቡን የሚያቀርብለት ግን ገባሩ ነበር፤ ሲዳማውና በዘመኑ አጠራር «ደራሳ» ይባል የነበረው ጌዴኦ።

ከተሞቹን ከተራራ ያወረዳቸው ቡና ነው። ንግዱ እየደራ ሲሄድ የሹሙም የነጋዴውም ዓይን ወደ ወይና ደጋው ዞረ። ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ በኋላ የመጡት ራስ ደስታ ዳምጠውም ማዕከሉን ወደ ይርጋለም አወረዱት። ዲላ የቡና ገበያ ሆና ገነነች። መሬቱ በቃላድ እየተለካ ለሌላ ሲሰጥ ጌዴኦው አያቶቹ በተከሉት እንሰት መካከል ጭሰኛ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. በሚጭሌ የተነሣው የገበሬዎች አመፅ የዚህ ምሬት ፍሬ ነበር፤ ጦርና ገጀራ የያዘ ሰው ጠመንጃ ከታጠቀ ጋር ገጠመ።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ልናገር። ስለ ተራራ ከተሞች በተጻፈ ቁጥር ታሪኩ የሚጀምረው ከቆርቋሪው ሹም ነው፤ ከእርሱ በፊት ተራራው ባዶ የነበረ ይመስል። የጌዴኦ ሸንተረሮች ግን ይህን ይክዳሉ። በጨልባ ቱቲቲና በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ተሰድረው ቆመዋል፤ የሳካሮ ሶዶዎቹ ዕድሜ እስከ መጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አመልክቷል። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የሚዳኙት፣ ዛፍ የማይቆረጥበትን የተቀደሰ ደን የሚጠብቁት፣ የባሌን ሥርዓት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሻግሩት በዚሁ ዳገት ላይ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ የመዘገበው የሹም ግቢ ሳይሆን ዛፍ፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚኖሩበትን የገበሬ ጓሮ፣ ደኑንና ድንጋዩን ነው።

ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ለቡና ገበያው ያ ዘመን አንድ የተበላሸ የለቀማ ወቅት ሊመስለው ይችላል። ጓሮው ጠፍቶበት ለተመለሰ ገበሬ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። እንሰት በአንድ ክረምት አይደርስም፤ ከተተከለ በኋላ ዓመታትን ይጠብቃል። ሽቅብ ወደ ብርዱ በወጡ መጠን ደግሞ የበለጠ ይዘገያል።