የድሮ ላንድሮቨርን ሽቦ ከአዲስ መዘርጋት

በጎንደርና በአካባቢው ላደጉ ወላጆቻችን ላንድሮቨር እንግዳ መኪና አይደለም፡፡ ሐኪሙም፣ የወባ መከላከያ ሠራተኛውም፣ የመንግሥት ሹሙም የሚመጣው በእሱ ነበር፡፡ ዛሬ በአሽቀሎን ልጆቻቸው ከሥራ በኋላና በዕረፍት ቀን እንዲህ ያለውን አሮጌ መኪና አንስተው ለዓመታት ሲያድሱ እናያለን፡፡ ሞተሩና ፍሬኑ ብዙ ይወራላቸዋል፡፡ እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ብዙ ሰው ወደ መጨረሻ ስለሚገፋው ሥራ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ ነው፡፡ የእነዚህ መኪናዎች ቤንዚን ታንክ በብዙዎቹ ላይ ከፊት ወንበር ሥር ነው፡፡ ስለዚህ የተላጠ ሽቦ የመብራት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው፡፡

በመጀመሪያ የያዝነው መኪና የትኛው እንደሆነ እንወቅ፡፡ ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው፡፡ ሲሪዝ አንድ እስከ 1958፣ ሲሪዝ ሁለት እስከ 1961፣ ሲሪዝ ሁለት ኤ እስከ 1971፣ ሲሪዝ ሦስት ደግሞ እስከ 1985 ተሠርተዋል፡፡ ይህን የምንዘረዝረው ለታሪክ ብለን አይደለም፡፡ እስከ 1967 ግድም የተሠሩት ከሻሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ (+) ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ኔጌቲቩ (-) ነው፡፡ ሃምሳ ዓመት በብዙ እጅ ያለፈ መኪና ደግሞ በመካከሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፡፡ በመጽሐፍ ከመተማመን ይልቅ ኮፋኖውን ከፍቶ የትኛው ወፍራም ሽቦ ከሻሲው ጋር እንደታሰረ ማየት ይሻላል፡፡ ባትሪ ተገልብጦ ከታሰረ ኦልተርኔተሩ ወዲያው ይቃጠላል፡፡

የሚፈታውም መጀመሪያ ከሻሲው ጋር የተያያዘው የባትሪ ራስ ነው፤ ሲመለስም እሱ መጨረሻ ይታሰራል፡፡ ቁልፋችን በስሕተት ብረት ቢነካ እሳት እንዳይፈጥር ነው፡፡

አሮጌውን ሽቦ ቆርጦ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፡፡ እያንዳንዱን ጫፍ ከመፍታት በፊት ፎቶ ማንሳት፣ በወረቀት ፕላስተር ላይ ወዴት እንደሚሄድ ጽፎ መለጠፍ፣ ከዚያም ሙሉውን ጥቅል አውጥቶ በጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ያስፈልጋል፡፡ የአዲሱ ርዝመት የሚለካው በእሱ ነው፡፡ ወደ ኋላ መብራቶች የሚሄደው ጥቅል በሻሲው ብረት ውስጥ ያልፋል፤ ስለዚህ አሮጌውን ከመሳብ በፊት ጫፉ ላይ ጠንካራ ሲባጎ ማሰር ነው፡፡ አሮጌው ሲወጣ ሲባጎው ቦታውን ይይዛል፣ አዲሱንም በእሱ መሳብ ይቻላል፡፡ ይህን ያልሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ በሻሲው ቀዳዳ ውስጥ በሽቦ ሲፈትግ ይውላል፡፡

እንግሊዞች ለሽቦ ቀለም የሰጡት ትርጉም አለ፣ እሱን ያወቀ ግማሹን ሥራ ጨረሰ፡፡ ቡናማው ከባትሪው ቀጥታ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ነው፡፡ ነጩ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ያገኛል፣ ወደ ቦቢናውም ይሄዳል፡፡ አረንጓዴው ያው ከቁልፉ የመጣው በፊውዝ ካለፈ በኋላ ነው፤ የዝናብ መጥረጊያውን፣ የፍሬን መብራቱንና ፍሬቻዎቹን ይመግባል፡፡ አረንጓዴ ከቀይ መስመር ጋር የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴ ከነጭ መስመር ጋር የቀኝ ነው፡፡ ሰማያዊ የፊት መብራት ነው፤ ነጭ መስመር ካለበት ረጅሙ፣ ቀይ መስመር ካለበት አጭሩ፡፡ ቀዩ የኋላና የጎን ትንንሽ መብራቶች ሲሆን ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ማለትም ወደ ሻሲው የሚመለሰው፡፡ እዚህ ላይ የቤት ኤሌክትሪክ ለሚሠሩ ወንድሞቻችን ማስጠንቀቂያ አለን፡፡ በእስራኤል ቤቶች ሰማያዊ ሽቦ ዜሮ ነው፤ በዚህ መኪና ግን መብራት የሚያበራው እሱ ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፣ እሱም ማሳ ነው፡፡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ስላልተገኘ የላንድሮቨር አካል አብዛኛው ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ሻሲው ግን ብረት ነው፡፡ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እርጥበትና ጨው ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ነጭ ዱቄትም ይሠራል፡፡ ያ ዱቄት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፡፡ አሽቀሎን ደግሞ የባሕር ከተማ ናት፣ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፡፡ ግራ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራትም አብሮ ብልጭ ካለ፣ መብራቱ ደብዝዞ ቀይ ከሆነ፣ አምፖል መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፡፡ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ጥቁር ሽቦ ስቦ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ቀለሙ ተፍቆ በጠራ የሻሲ ብረት ላይ በብሎን ማሰርና በቫዝሊን መሸፈን ነው መድኃኒቱ፡፡ የቤንዚኑና የሙቀቱ መለኪያዎች ሁለቱም በአንድ ላይ ከልክ በላይ ከፍ ብለው ካሳዩም፣ በሲሪዝ ሦስት ላይ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችውን ቮልት ወደ 10 የምታወርድ ትንሽ ሳጥንና ማሳዋን መመርመር ነው፡፡

የሽቦ ውፍረት በግምት አይመረጥም፡፡ ሁለት ባለ 60 ዋት ረጅም መብራቶች በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባሉ፡፡ ይህ ኃይል በ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 5 ሜትር ቢጓዝ 0.9 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ በ2 ካሬ ሚሊ ሜትር ግማሹ ብቻ ይጠፋል፡፡ ቮልቱ አሥር ከመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ሠላሳ ከመቶ ግድም ስለሚቀንስ ነገሩ ቀላል አይደለም፡፡ ፋብሪካው የፊት መብራትን ያለ ፊውዝ ነው የሠራው፣ በብዙዎቹ ላይ በመኪናው ሁሉ ያሉት ሁለት ፊውዞች ብቻ ነበሩ፡፡ በእኛ አስተያየት ሌላው ሁሉ እንደ ጥንቱ ቢቀር፣ ለመብራቶቹ ሪሌና ፊውዝ መጨመር ግን ግዴታ ነው፡፡ እዚህም አንድ ወጥመድ አለ፡፡ በአሮጌው የእንግሊዝ ፊውዝ ላይ የተጻፈው 35 የሚቃጠልበት ልክ ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሸከመው ግን 17 አምፔር ነው፡፡ በምትኩ ዘመናዊ ባለ 35 ፊውዝ የሚያስገባ ሰው ፊውዙ ሳይቃጠል ሽቦው እንዲቃጠል ፈቀደ ማለት ነው፡፡

ጫፎቹን በስታኞ መበየድ ወይስ በፕላየር መጭመቅ የሚለው ክርክር ብዙ ነው፡፡ እኛ ጥሩ መጭመቂያ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነን፤ የተበየደ ሽቦ ስለሚደርቅ በላንድሮቨር መንቀጥቀጥ ከብየዳው ሥር ይሰበራልና፡፡

ዲናሞ ያላቸው መኪናዎች ባለቤቶች የእስራኤልን ሕግ ያስቡ፡፡ ከኅዳር 1 (ኖቬምበር) እስከ መጋቢት 31 (ማርች) በከተሞች መካከል በሚወስዱ መንገዶች በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው፡፡ የዘመኑ ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል፣ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ፡፡ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና የመንገድ መጨናነቅ ሲገናኙ ባትሪው ይራባል፡፡ ወደ ኦልተርኔተር የሚቀይሩት ለዚህ ነው፡፡

ሥራውን ለማስጨረስ ወይም ለማስመርመር ወደ መኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚሄዱ አባቶች ቃላቱን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል፡፡ ከጣሊያን የወረስነው ፍሬቻ እዚህ ዊንከር ነው፣ ካንዴላ ፕላግ፣ ባትሪ ደግሞ ማጽበር ይባላል፡፡ ከተሠራ 30 ዓመት የሞላው መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ቴስት ግን አይቀርለትም፣ በቴስቱም መብራቶቹ ሁሉ ይታያሉ፡፡

ባትሪውን መጨረሻ ላይ በቀጥታ አትሠሩት፡፡ በባትሪው ራስና በሽቦው መካከል አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አስገቡ፣ ማብሪያዎቹ ሁሉ ተዘግተው፡፡ አምፖሉ ካልበራ ደህና ነው፡፡ በደንብ ከበራ አንድ ቦታ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው፤ የፊውዞቹን መስመር አንድ በአንድ እየነቀሉ አምፖሉ የሚጠፋበትን ይፈልጉ፡፡ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላም መብራት እንደበራ መጋጠሚያዎቹን በእጅ መዳሰስ ነው፤ የሚሞቀው መጋጠሚያ በደንብ አልተጨመቀም፣ እንደገና ይሠራ፡፡