የድርቆሽ እርጥበት ልኬት

የድርቆሽ እርጥበት ልኬት ታጭዶ የደረቀ ሣር በሚታሰርበት ጊዜ በውስጡ የቀረውን ውሃ መጠን ማወቂያ ዘዴ ነው። ውጤቱ ከሣሩ ጠቅላላ ክብደት በመቶኛ ይገለጻል። አዲስ የታጨደ ሣር ከክብደቱ ከ70 እስከ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በትንንሽ እስር ለማሰር ከ18 እስከ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረድ ይኖርበታል፤ ትልቅና የጠበቀ እስር ሙቀቱን በቀላሉ ስለማያስወጣ ከዚህም የደረቀ ሣር ይፈልጋል።

አዲስ አበባ ውስጥ ላም የሚያረቡ ሰዎች ከሚገዙት ድርቆሽ በሰፊው የሚታወቀው የሱሉልታ ነው። ሱሉልታ ከፒያሳ በስተ ሰሜን፣ በአዲሱ ገበያ በኩል በሚወጣው የጎጃም መንገድ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ሣሩ የሚታጨደው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በእነዚህ ወራት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ጤዛ ይይዛል፤ ከመሬቱ ጋር የተነካካው የታችኛው ሣርም ከላዩ ዘግይቶ ይደርቃል። ላዩን ብቻ ዳስሶ ደርቋል ማለት ያሳስታል።

'''እርጥብ ሆኖ ቢታሰር'''

በእርጥብ እስር ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፣ ሙቀትም ይፈጥራሉ። ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የሣሩ ፕሮቲን ከስኳሩ ጋር ስለሚጣመር ለከብቱ የማይፈጭ ይሆናል። እንዲህ ያለው ድርቆሽ ቡናማ መልክና የካራሜላ ሽታ አለው፤ ከብቶች ወደውት ሊበሉት ይችላሉና መብላታቸው የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ካለፈ በኋላ በኬሚካዊ ለውጥ እየጨመረ ሄዶ ክምሩ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። አደጋው የሚያይለው ከታሰረ በኋላ ባሉት ከ2 እስከ 6 ሳምንታት ነው። የሻገተ ድርቆሽ ብናኝም በሰው ላይ «የገበሬ ሳንባ» የሚባለውን በሽታ ያስከትላል።

'''የመለኪያ ዘዴዎች'''

አስተማማኙ ዘዴ ሁለት ጊዜ መመዘን ነው። ከክምሩ ከተለያየ ቦታ የተወሰደ ናሙና ተመዝኖ፣ በምድጃ እስከ መጨረሻው ደርቆ እንደገና ይመዘናል። የጎደለው ክብደት ለመጀመሪያው ተካፍሎ በ100 ይባዛል። ለምሳሌ 200 ግራም የነበረው 160 ግራም ከሆነ እርጥበቱ 20 በመቶ ነበር።

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መለኪያ ረጅም ዘንጉ እስሩ ውስጥ ተወግቶ ወዲያውኑ ቁጥር ያሳያል። የሚሠራው እርጥብ ሣር ከደረቅ ሣር ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። የእስሩ ጥብቀት፣ የሣሩ ዓይነትና ላዩ ላይ ያለ ጤዛ ንባቡን ያዛባሉ፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ መውጋት አይበቃም።

መሣሪያ ለሌለው ሰው ደረቅ ጨውና ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ይበቃል። ሣሩ ተቆራርጦ ከጨው ጋር ለጥቂት ደቂቃ ሲናጥ ጨው ከተጓጎለ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። የአገዳውን አንጓ በጥፍር መጫንም ይረዳል፤ ቅጠሉ ተሰባብሮ እንኳ አንጓው ውሃ ሊይዝ ይችላል።

ለገዢ ጉዳዩ የገንዘብም ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን እስር እርጥበቱ 25 በመቶ ከሆነ 3.75 ኪሎው ውሃ ነው፤ በ15 በመቶ ግን 2.25 ኪሎ ብቻ ነው።